የማኅሌታዊው የቅዱስ ያሬድ ዜና ሕይወት

በቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ግንቦት 11 ቀን የማኅሌታዊው የቅዱስ ያሬድ በዓል ነው። በዚህች ሌሊት በአክሱም፥ በጎንደርና በአዲስ አበባ ባሉት ታላላቅ አድባራት ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ቆመው፥ ጸናጽሉን አንሥተው፥ መቋሚያውን ተመርኩዘው በምስጋና ያነጋሉ። ስለዚህ አባት ብዙ ተጽፏል፤ ዳሩ ግን የተጻፈው አብዛኛው ማኅሌት ሞልቶ በተረፈበት አገር ተቀምጦ ነው። እኛ የምንጽፈው ብዙ ዓመት ካገለገልንበት ከደቡቡ ቆላ፥ ከነገሌ ቦረና ሆነን ነውና፥ የምንተርከው ዜና ሕይወት ያው ሲሆን የምንዘገይበት ስፍራ ምናልባት ከሌሎቹ የተለየ ይሆናል።

ነገሌ የግራር አገር ናት። ክብረ መንግሥትን አልፎ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛን ደጋው እየራቀው፥ ቀይ አፈሩና ኩይሳው እየበዛ ይቀበለዋል። ከተማይቱ የወታደር ሰፈር ሆና የኖረች ናት፤ በ1928 ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን የግራዚያኒ ጦር የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት በገናሌ ዶሪያ በኩል ገፍቶ ሲመጣ የያዘው እርሷን ነበር። ከዚያ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ፥ በሌላም በኩል ወደ ያቤሎ፥ ወደ ሜጋና ወደ ሞያሌ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ወታደሩን፥ የመንግሥት ሠራተኛውንና ነጋዴውን ተከትለው የተተከሉ ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ቅዳሴው በእግዚአብሔር ቸርነት አይታጎልም፤ ለቅዳሴ አምስት ልዑካን ይበቃሉና። ማኅሌት ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ወገን የሚቀበል፥ ድጓውን የዘለቀ፥ አቋቋሙን ያወቀ ሰው ይፈልጋል። አንድ መሪጌታ ብቻውን ግራም ቀኝም ሆኖ፥ ራሱ መርቶ ራሱ ተቀብሎ ሲያነጋ በዓይናችን አይተናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ቆላ በምትገኝ በአንዲት ደብር አንድ ምእመን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚውል ገንዘብ ሰጠ። ሰበካ ጉባኤው በተሰበሰበ ጊዜም ሁለት አሳብ ተነሣ። ወጣቶቹ ኦርጋን የሚባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ከትልቅ የድምፅ ማጉያ ጋራ እንዲገዛ ፈለጉ። ይህን መሻታቸው ሥርዓትን በመናቅ አልነበረም፤ በሌላው ዓለም በታላላቅ ካቴድራሎች ሕዝቡ በኦርጋን ድምፅ ሲመሰጥ በቴሌቪዥን አይተዋል፤ የእኛ ማኅሌት ግን በእነርሱ ዘንድ አንድ ሽማግሌ በሌሊት ብቻውን የሚያንጎራጉረው ነገር ሆኖ ቀርቷል። ሽማግሎቹ ደግሞ ገንዘቡ ለድጓ መምህር ቀለብ እንዲሆን ተከራከሩ። እኛም አሳብ እንድንሰጥ በተጠየቅን ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የያሬድ ዜና ሕይወት እንዲነገር ለምነን፥ ዛሬ በዚህ የምንጽፈውን ያን ዕለት በቃል ተናገርን።

ሊቃውንት እየተቀባበሉ ባቆዩት ትውፊት ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። የአባቱና የእናቱ ስም በመጻሕፍቱ ልዩ ልዩ ሆኖ ስለሚገኝ በዚህ ላይ አንከራከርም፤ ከአክሱም ካህናት ወገን እንደ ነበረ ግን ሁሉም ይስማማሉ። ዘመኑ የአክሱም መንግሥት የበረታበት ነበር። ንጉሡ ካሌብ በናግራን ስለ ፈሰሰው የክርስቲያኖች ደም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ525 ገደማ ባሕር ተሻግሮ የዘመተ ነው፤ ልጁ ገብረ መስቀልም ከእርሱ በኋላ ነገሠ። ያሬድ ሕፃን ሳለ፥ በሰባት ዓመቱ አባቱ ስለ ሞተ፥ እናቱ ዘመዷ ለሆነው ለጌዴዎን እንዲያስተምረው ሰጠችው። ጌዴዎን የአክሱም ጽዮን ካህንና መምህር ነበረ።

ያሬድም የዳዊትን መዝሙር መማር ጀመረ፤ ትምህርቱም አልገባው አለ። ይህን የምናነብ ሁሉ እንዲያው በችኰላ እናልፈዋለን። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቆም ብለን እናስብ። ፊደላችን የድምፅ ምልክት አግኝቶ ግዕዝ፥ ካዕብ፥ ሣልስ እየተባለ መነበብ ከጀመረ፥ ከዒዛና ዘመን ወዲህ፥ ያን ጊዜ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ነበረ። ብራና ውድ ነው፤ ትምህርቱ በጆሮ ነው፤ አባት የሌለው ልጅ በዘመድ ቤት ተቀምጦ፥ ጓደኞቹ የሚይዙትን ቃል እርሱ ይረሳል። ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ መምህሩ ይገርፈዋል። ስንክሳሩም ሆነ ገድሉ ግርፋቱን አይሸሽጉትም። ያሬድ በመጨረሻ ግርፋቱንና ኀፍረቱን መታገሥ ስላልቻለ ትምህርቱን ጥሎ ጠፋ።

ማይ ኪራሕ ከሚባለው ስፍራ በደረሰ ጊዜ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንድ ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ግንዱን ሲወጣ አየ። ትሉ ከመንገድ ይወድቃል፤ እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ይወድቃል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰ። ያሬድም ይህን አይቶ ራሱን ገሠጸ፤ ተነሥቶም ወደ መምህሩ ተመለሰ።

ስለ ትሉ ብዙ ስብከት ተሰብኳል፤ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳም ተሥሏል። እኛም በሰበክን ጊዜ ሁሉ ስለ ትሉ ትጋት ስናወራ ኖረናል። ስለ ጌዴዎን ግን ተናግረን አናውቅም ነበር። ምክንያቱን አሁን ብንገልጽ ኀፍረቱ የራሳችን ነው። በቆላው በምናስተምርበት ዘመን አንድ የቦረና ልጅ ከመንደሩ መጥቶ ከጉባኤያችን ገባ። ልጁ በቤቱ ኦሮምኛ፥ በገበያ አማርኛ ይናገራል፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ግዕዝ ሦስተኛ ቋንቋ ሆኖ መጣበት። ጸ የሚለው ድምፅ በኦሮምኛ ስለሌለ ጸሎትን ጠሎት ይላል። እኛም በዚህ ገረፍነው። ከሸዋ የመጡት ልጆች ያንኑ ስሕተት ሲሳሳቱ እንደ ቀልድ አሳልፈናቸው ነበርና፥ ግርፋቱ ስለ ፊደሉ ብቻ እንዳልነበረ ዛሬ ይታወቀናል። አንድ ማለዳ ልጁ አኮፋዳውን ትቶ ሄደ። በዚያው ዓመት ግንቦት 11 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ ከጌዴዎን ስም ላይ በደረሰ ጊዜ፥ አንባቢው እኛን የጠራን ያህል ደነገጥን። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ያ ልጅ በአለንጋ ምክንያት ከጫካ ገብቶ ነበር። ትሉ ባይወጣ ኖሮ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?

ስለ ጌዴዎን ግን ፍርድ ስንሰጥ ሁለተኛውን ነገር መዘንጋት አይገባንም። ያሬድ ተመልሶ ይቅርታ በጠየቀ ጊዜ ጌዴዎን በሩን አልዘጋበትም። ተቀበለው፤ ስለ እርሱም ጸለየ፤ እንደገናም አስተማረው። እግዚአብሔርም የልጁን ልቡና ስለ ከፈተለት መጻሕፍተ ብሉያትንና ሐዲሳትን በአንዲት ቀን እንደ ተማረ ስንክሳሩ ይነግረናል። ከዚያም ዲቁና ተቀበለ።

በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያን የሚደረገው ጸሎት በዝቅተኛ ድምፅ የሚነበብ እንጂ ከፍ ባለ ዜማ የሚዘመር አልነበረም። እግዚአብሔርም ለምስጋናው ዜማን ሊያስነሣ በወደደ ጊዜ ከገነት ሦስት አዕዋፍ ወደ ያሬድ እንደ ላከ፥ እነርሱም በሰው ቋንቋ እንዳነጋገሩትና ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም እንደ ወሰዱት፥ በዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት እንደ ተማረ መጻሕፍቱ ይተርካሉ። ሦስቱ አዕዋፍ የሦስቱ አካላት ምሳሌ መሆናቸውን መምህራን ያመሠጥራሉ።

በዚህ ቦታ ከአገራችን ወጣ ብለን ሌላውን ዓለም ብንመለከት የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በዚያው በስድስተኛው መቶ ዓመት በቍስጥንጥንያ ሮማኖስ የሚባል ሶርያዊ ዲያቆን ነበረ። የግሪኮች ትውፊት እንደሚለው ድምፁ የማያምር ስለ ነበረ በሕዝብ ፊት አፍሮ ሳለ፥ በልደት ሌሊት እመቤታችን በሕልም ተገልጣ ጥቅልል መጽሐፍ አብልታው፥ ሲነቃ አዲስ መዝሙር ዘመረ። በሮም ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ604 ያረፈውን ጎርጎርዮስን ሠዓልያን ሲሥሉት ርግብ ከጆሮው ዜማ ስትነግረው አድርገው ነው። በአክሱም ወፍ፥ በሮም ርግብ፤ በአክሱም ትምህርት ያልገባው ልጅ፥ በቍስጥንጥንያ ድምፅ ያላማረለት ዲያቆን። እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት በብዙ ነገር ተለያይተዋል፤ ዜማ ከሰው ብልሃት የመጣ አይደለም በማለት ግን አንድ ሆነው ተገኝተዋል።

ያሬድ ከዚያ ራእይ በተመለሰ ጊዜ፥ ከቀኑ በሦስት ሰዓት ከአክሱም ጽዮን ገብቶ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዘመረ። ይህም የመጀመሪያ ዜማ አርያም ተብሎ ይጠራል። ድምፁ በተሰማ ጊዜ ንጉሡና ንግሥቲቱ፥ ጳጳሱና ካህናቱ፥ መኳንንቱና ሕዝቡ ያለውን ሥራ ትተው ሮጠው መጡ፤ ሲሰሙትም ዋሉ። እንግዲህ በዚያ ጉባኤ ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሣቁበት ጓደኞቹ መኖራቸው የማይቀር ነው። ገድሉ ስለ እነርሱ አንድ ቃል አይናገርም፤ ይህን ዝምታውን እንወድለታለን።

ያሬድ ለዓመቱ በዓላትና ወራት ሁሉ፥ ለክረምትና ለበጋ፥ ለመጸውና ለጸደይ፥ ለሰንበታት፥ ለመላእክት፥ ለነቢያት፥ ለሰማዕታትና ለጻድቃን ድርሰቱን አዘጋጀ። ዜማውንም በሦስት ከፈለው፤ እነርሱም ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ናቸው። ግዕዙ ቀጥ ያለና ጽኑዕ ነው፤ ዕዝሉ እንደ ስሙ በግዕዙ ላይ የሚታዘል፥ ለዘብ ያለ ነው፤ አራራዩም ልብን የሚያራራ ነው። ለአብ፥ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስም ምሳሌ ይሆናሉ። የሰው ድምፅ፥ የወፍም የእንስሳም ድምፅ ከእነዚህ ከሦስቱ እንደማይወጣ መጻሕፍቱ ይናገራሉ፤ በቆላ የኖረ ሰው በንጋት የወፎቹን ጫጫታ ሲሰማ ይህን ቃል ማስታወሱ አይቀርም። በስሙ የሚጠሩት መጻሕፍት አምስት ናቸው፤ ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕት።

ከዚህ በኋላ ንጉሥ ገብረ መስቀልና የደብረ ዳሞው አቡነ አረጋዊ ከያሬድ ጋራ በብዙ ስፍራ እንደ ተጓዙ፥ በጋይንት ካለችው ከዙር አምባም እንደ ደረሱ ይነገራል። ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ሆና የኖረችው በዚህ ምክንያት ነው። ጣና ቂርቆስም የያሬድን መታሰቢያ ትይዛለች።

በሥዕል ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ታሪክ የጦሩ ነው። አንድ ቀን ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲዘምር፥ ንጉሡም ጦሩን ተመርኩዞ ሲሰማ፥ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳሉ የጦሩ ጫፍ የያሬድን እግር ወጋው። ደሙ ፈሰሰ፤ ወጊውም ተወጊውም አላወቁም። ማኅሌቱ ባለቀ ጊዜ ንጉሡ አይቶ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቅሎ፥ ስለዚህ ደም የፈለገውን ሁሉ እንዲጠይቀው ለያሬድ ቃል ገባ። ያሬድም አስቀድሞ በመሐላ ካጸናው በኋላ፥ ከአክሱም ወጥቶ በምነና እንዲኖር እንዲያሰናብተው ለመነው። ንጉሡና መኳንንቱ እጅግ አዘኑ፤ መሐላው ግን አስሯቸው ነበር።

ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ አስበናል። ንጉሥ ደስ ብሎት የሰማው መዘምር፥ ርስትና ጉልት ቢጠይቅ የሚከለክለው የሌለ ሰው፥ የጠየቀው መሄድን ነው። ልጅ ሳለ ከአክሱም የወጣው በግርፋት ነበር፤ አሁን የሚወጣው በፈቃዱ ነው። ከመሄዱም በፊት ከታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ፥ አንቀጸ ብርሃን የተባለውን የእመቤታችንን ምስጋና በደረሰ ጊዜ ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ እንደ ታየ ይተረካል። ከዚያም ወደ ሰሜን ተራራ ሄዶ፥ በብርድና በጾም ኖሮ፥ በዚያም ደቀ መዛሙርት አስተምሮ፥ በትውፊት አቆጣጠር ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. ተሰወረ። እነሆ የሰማነው እንዲህ ነው፤ መቃብሩ በዚህ አለ ተብሎ የሚታይ ስፍራ የለም።

የመጽሐፉን ዕድል እንመልከት። ገድለ ያሬድን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ሊቅ አሳትሞታል። የዘመናችን ተመራማሪዎች ደግሞ ዛሬ በእጃችን ባለው ድጓ ውስጥ ከያሬድ በኋላ የተነሡ የቅዱሳን መታሰቢያ መኖሩን አይተው፥ መጽሐፉ በየዘመኑ እየተጨመረበት ማደጉን ይናገራሉ። ይህ አባባል አንዳንድ ወንድሞችን ያስቈጣቸዋል፤ እኛን ግን አያስቈጣንም። ሊቃውንቱ ራሳቸው የኋለኞቹ አባቶች እንደ ጨመሩ ሲያስተምሩ ኖረዋልና። የአባት ርስት በልጆች እጅ መስፋቱ የአባትን ስም አይፍቀውም።

ይልቁንም የሚያስፈራው መጨመሩ ሳይሆን ሊጠፋ የተቃረበበት ጊዜ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1529 እስከ 1543 በአህመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ መጻሕፍቱም አብረው ተቃጠሉ፤ መምህራኑም አለቁ። ዜማው እስከዚያ ዘመን ድረስ በቃል የሚያዝ ነበርና፥ አንድ መምህር በሞተ ቍጥር መቃብር የሚገባው ሥጋው ብቻ አልነበረም። ስለዚህ በንጉሥ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ተነሥተው ለዜማው ምልክት ሠሩለት። ይዘት፥ ደረት፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ርክርክ፥ ሂደትና ቍርጥ የሚባሉት ስምንቱ ምልክቶች ከቃሉ ራስ ላይ በቀጭኑ ተጽፈው ድምፁ የት እንደሚያዝ፥ የት እንደሚወርድ፥ የት እንደሚንቀጠቀጥ ያመለክታሉ። መምህራንም ወደ ጌታችን ሕማማት እየመለሱ ይተረጕሟቸዋል። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ሆና እስከ ዛሬ የምትኖር ናት።

ነገር ግን ምልክቱን ብቻ አይቶ የሚዘምር ሰው በዓለም ላይ የለም። ምልክቱ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ለማያውቅ አስተማሪ አይደለም። ተማሪው ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ፥ የኔታ ሲያዜሙ ሰምቶ፥ እርሱ ሲያዜም የኔታ ሰምተው አርመውት፥ የራሱንም ድጓ በእጁ ጽፎ፥ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ ነው ለምስክር የሚበቃው። ከዚያ ደግሞ አቋቋሙ አለ፤ ዝማሜው፥ መረግዱ፥ ጽፋቱና ወረቡ።

ይህን ለቆላው ልጆች ለማስረዳት የሩቅ ምሳሌ መፈለግ አላስፈለገንም። በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ ኤላዎች አሉ። በበጋ ከብቱን ለማጠጣት ጐልማሶቹ ከጕድጓዱ ሥር እስከ አፉ ድረስ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆሙና፥ እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ዘፈኑ ሲቋረጥ እጁም ይሳሳታል፤ ከመካከል አንድ ሰው ቢጎድል ከላይ ያለው ሰው ብርቱ ቢሆንም ውኃው አይደርስም። ይህን ከተናገርን በኋላ ከጌራና ከራጉኤል በላይ ማን እንደ ቆመ፥ ከእነርሱ በታችም ማን እንደ ነበረ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁን ጀመር።

የኦርጋኑንም ነገር ሳንመልስ አላለፍንም። ወጣቶቹ ኦርጋንን ከጥንት የመጣ የክርስቲያን ሁሉ ንዋየ ቅድሳት አድርገው ገምተውት ነበር። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ757 የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ 5ኛ ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን ኦርጋን በስጦታ ላከ፤ በቍስጥንጥንያ ግን ኦርጋን የቤተ መንግሥትና የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ መሣሪያ እንጂ የቤተ ክርስቲያን አልነበረም። በምዕራቡ ካቴድራል የገባው ከዚያ በኋላ በብዙ ዘመን ነው፤ የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን በአብዛኛው ዛሬም ያለ መሣሪያ በሰው ድምፅ ብቻ ትዘምራለች። በምዕራብ ያሉት በኦርጋናቸው ታላላቅ ድርሰቶች አድርገውበታል፤ ይህን አንነቅፍም፤ እነርሱም ለዚያ የሚበቃ ሊቅ ለማውጣት ልጆቻቸውን ለብዙ ዓመት ያስተምራሉና። አርጋኖን የሚለው ስምም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አርጋኖነ ማርያም የተባለው የእመቤታችን ምስጋና ስሙን ከዚሁ ቃል አግኝቷል። የእኛ ማኅሌት ግን ከበሮን፥ ጸናጽልንና መቋሚያን ይዞ የመጣ ነው፤ እነዚህም የዜማው አገልጋዮች ናቸው እንጂ በእርሱ ላይ አይሠለጥኑም። በቁልፍ የሚመታው መሣሪያ ድምፁን በተወሰነ ደረጃ ላይ ያቆማል፤ ርክርኩና ሂደቱ ግን በደረጃዎቹ መካከል የሚሄዱ ናቸውና ዜማው መሣሪያውን ልምሰል ሲል መልኩ ይለወጣል። ይህን የተናገርነው መሣሪያ በማስጠላት አይደለም፤ ከወጣቶቹ አንዱ አንድ ርክርክ በመሣሪያው ላይ ሊያወጣ ሞክሮ ራሱ ሥቋል።

ሰበካ ጉባኤውም በመጨረሻ ገንዘቡን ለሁለት ከፈለው። በእኩሌታው መካከለኛ የድምፅ ማጉያ ተገዛ፤ በእኩሌታው ከጋይንት አንድ የድጓ መምህር ለአንድ ዓመት እንዲመጣ ሆነ። ሁለቱም ወገን በመጠኑ ቅር አላቸው። መምህሩ በመጣ ጊዜ የቆላው ሙቀት አስጨንቆት የመጀመሪያውን ወር በሕመም አሳለፈ፤ ከዳነ በኋላ ግን ስምንት ልጆች ይዞ ከምዕራፍ ጀመረ። አንድ ነገር ብቻ አደራ አልነው፤ እርሱም አለንጋውን ከቤተ ልሔሙ ጣራ ላይ ሰክቶ በዚያው ተወው።

አኮፋዳውን ትቶ የሄደውን የቦረና ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አባቱ እጁን ይዞ መለሰልን። እኛም እንደ ጌዴዎን ተቀበልነው፤ ይቅርታም ጠየቅነው፤ ይህን ማድረግ ለአንድ መምሬ ቀላል አልነበረም። ልጁ ጾመ ድጓን ዘልቆ ከዚያ በላይ አልሄደም፤ እናቱን የሚረዳ ስለ ጠፋ ወደ ሥራ ገባ። ዛሬ በነገሌና በፊልቱ መካከል የጭነት መኪና ይነዳል። ባለፈው ዓመት በግንቦት 10 ማታ፥ የበልጉ ዝናብ መንገዱን አጭቅይቶት ሳለ፥ መኪናውን ከከተማው ዳር አቁሞ፥ ጭቃ በጫማው ይዞ ከመቅደሱ ደጅ ደረሰ። ከቀኝ በኩል አንድ ሰው ጎድሎ ነበር። መቋሚያ አነሣና ከመምህሩ ጎን ቆመ፤ ዋዜማውም ተጀመረ።